አሚን ያልኩበት ጉድጓድ

ጅዳ፣ ጥር 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበድሩ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንዴት ከረማችሁ? ኢዱ እንዴት አለፈ? ሚስትህ ሳዲያና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ አላህ ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው። የአሠሪዬ የማዳም ቤተሰብ ለኢድ ጣኢፍ ወጥቶ ስለነበር የከሚሴና የሰንበቴ ልጆች እኔ ጋ ተሰብስበው ዋሉ። እየሳቅንም እያለቀስንም አመሸን። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ለዑምራ መጥቶ የነበረው የሰንበቴው ከብት ነጋዴ ሰይድ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወፍራሙ ብርድ ልብስ የእናቴ ነው፤ ሚስትህ እንዳትመኘው።

ሰይድ ስላንተ ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። የጨረታ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነ አለኝ። እናቴ ጨው ግዛ ብላ ሮቢት ገበያ ስትልከው ቀኑን ሙሉ የበሬ ድርድር ሲያይ ውሎ ባዶ እጁን የሚመለሰው በድሩ፣ ዛሬ የመንግሥት ዕቃ ገዢ ሆነ? ማሻአላህ፣ ደስ ብሎኛል። እናቴም ብትሰማ ትመርቅሃለች፤ ጨው ግን አሁንም የምታስገዛህ አይመስለኝም።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። አንተ የአጎቴ ልጅ ብትሆንም፣ እናትህ በወሊድ ስታልፍ ከወንድሜ ከጀሚል ጋር የእናቴን ጡት ተካፍለህ ያደግህ ነህ። ስለዚህ የልቤን ብነግርህ ለባዕድ እንደነገርኩ አይቆጠርም። ጀሚል የእህል ንግዱ አልሆነለትም። በቆሎ እሱ ሲገዛ ይወደዳል፣ እሱ ሲሸጥ ይረክሳል። አሁን የሥራ ተቋራጭነት ፈቃድ አውጥቶ የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሠርቷል፤ አጥሩ እስካሁን ቆሟል አሉ። ሰይድ እንዳለኝ መንግሥት ለቀያችን ለጨፋ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ነው፤ ጨረታውም በእናንተ በኩል ነው የሚያልፈው። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ዛሬም ከቦርከና ወንዝ ነው የምትቀዳው።

እንዲህ አድርግ አልልህም። አንተ ታውቃለህ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው የሚባለው።

አላህ በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ኡምኩልሱም


ከሚሴ፣ መጋቢት 28 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለኡምኩልሱም፣

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ብርድ ልብሱ ከነማሸጊያው ደርሷል። እናታችን ግን አልለበሰችውም፤ «ልጄ ስትመጣ አንጥፌ አስቀምጣታለሁ» ብላ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

ስለ ጨው የጻፍሽውን ለሳዲያ አነበብኩላት። እስካሁን ትስቅብኛለች።

እቴ፣ ስለ ጉድጓዱ እውነቱን ልንገርሽ። ለቀያችን የተጠናው ጥልቅ ጉድጓድ ነው። በማሽን ነው የሚቆፈረው። ማሽን ያላቸው ድርጅቶች ደግሞ ከአዲስ አበባ፣ ሲቀርብ ከደሴ ነው የሚመጡት። ዋጋቸውን በታሸገ ፖስታ ያስገባሉ፣ በሕዝብ ፊት ይከፈታል፣ ኮሚቴው ያወዳድራል። ጀሚል ያለው አካፋና ጥሩ ልብ ነው። ባለፈው ሳምንት አዲስ ኮት ለብሶ የቆዳ ቦርሳ ይዞ ቢሮ መጣ። ቦርሳው ባዶ እንደሆነ ስላወቅሁ ዓይኑን ማየት ከበደኝ። «ወንድሜ፣ ይህ ላንተ አይሆንም፤ የመማሪያ ክፍል ሥራ ሲወጣ እነግርሃለሁ» አልኩት። «አብሽር» ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣም።

ሰው ሁሉ ጸሐፊ ከሆንኩ ጀምሮ ሰላምታው ረዝሟል። ጎረቤቴ ኸይሩ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ በቀልድ ይወጋኛል። እኔ ግን መቆጨቱን እመርጣለሁ። ባይሆን የመስጊዳችን የሸህ አብደላ ዓይን ስለደከመ ከዚያ የማንበቢያ መነጽር ብትልኪላቸው ትልቅ ሶደቃ ነው።

እናታችን ይህን ጻፍልኝ ብላለች፦ «ልጄ ኡሙዬ፣ አላህ በሰው አገር ሰው ያድርግሽ። ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ። የላብሽን አያስቀርብሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ብቻ ነው። አሚን በይ።»

ወንድምሽ በድሩ


ጅዳ፣ ሰኔ 15 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለበድሩ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ደብዳቤህ ዘግይቶም ቢሆን ደርሶኛል።

አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። በሚገባ ተጽፏል፤ ያስተማርንህ በከንቱ እንዳልሆነ ያሳያል። አንተ ደሴ ስትማር የላክሁት ገንዘብ ከማን ቤት ወለል ላይ እንደተለቀመ ግን ረስተኸው እንዳይሆን ፈራሁ። ይህን ማለት አልፈለግሁም ነበር። አሁን ብያለሁና ይቅር በለኝ።

የሰንበቴው ሰይድ የነገረኝን ልንገርህ። በዚያ በኩል አንዱን ሥራ ከሩቅ የመጣ ድርጅት ወሰደው፤ ግማሹን ሠርቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ሄደ። ማን ይጠይቀው? ጀሚል ቢያጠፋ ግን የት ይሄዳል? እናቱ እዚያው ናት። የአባቱ መቃብር እዚያው ነው። የአገሩ ልጅ ዋስትናው ራሱ ነው። ይህን በሰም የታሸገው ፖስታችሁ ያውቀዋል?

ለእናቴ ሁለት ቀሚስና የጉልበት ቅባት ልኬያለሁ። ለሸህ አብደላ መነጽሩን ገዝቻለሁ። ከመነጽሩ ጋር ሰላምታም ልኬላቸዋለሁ። ሊጠይቁህ ይመጡ ይሆናል፤ በክብር ተቀበልልኝ።

ኡምኩልሱም


ከሚሴ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኡምኩልሱም፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ባንቺ ላይ ይሁን። የዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፤ ደሴ የተማርኩት ባንቺ ወገብ ነው። የዘገየሁት የምጽፈውን ስላላወቅሁ ነው።

የላክሻቸው እንግዶች መጡ። ዓርብ ከጁመዓ በኋላ ነው። ሸህ አብደላ አዲሱን መነጽር አድርገው፣ የቀያችንን ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። ሳዲያ ምንጣፍ አነጠፈች፣ እኔም ጫት አቀረብኩ። የመጡበትን ሳልጠይቅ ምግብ ቀረበ፤ ሽማግሌ ገና ሳይቀመጥ ምን ፈልገህ ነው ይባላል? እምቢ የምልበትን ቃል ግን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። ሕጉን አስረዳለሁ፣ ይረዱኛል ብዬ ነበር።

ሸህ አብደላ ልመና አላመጡም። «ኑ እስቲ፣ ለዚህ ቤት ዱዓ እናድርግ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ሁላችንም ዘረጋን።

«ያ ረብ፣ ለዚህ ቤት በረካ ስጥ።»

አሚን አልን።

«ልጆቹን አሳድግ። የሞቱትን ማር። በስደት ያለችውን ልጃችንን በሰላም መልስ።»

አሚን አልን። ያንቺ ነገር ሲነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ለጨፋ ሰው ንጹህ ውሃ ስጥ። ውሃውንም በልጃችን በጀሚል እጅ፣ በዚህ በበድሩ ሰበብ አውጣልን።»

አሚን አሉ። አፌ ለምዶ ኖሮ እኔም አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ ሸህ አብደላ ፊታቸውን አብሰው ጨርሰዋል። «ገለቶሚ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው። አንድ ነገር ሳይጠይቁኝ ተነስተው ሄዱ። ሳዲያ በጓዳው በር ቆማ አየችኝ።

እቴ፣ የሰው ልመና እምቢ ይባላል። ሽማግሌም ቢሆን ይቅርታ ተጠይቆ ይመለሳል። አሚን ያሉበትን ዱዓ ግን ማን ያፈርሳል? ቢሮ ያሉት ይህን ብነግራቸው ይስቁብኝ ይሆናል ብዬ ነበር። አልሳቁም። ግማሾቹ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው።

ኃላፊያችንም የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። ምርጫው በግንቦት ነው። «ማሽኑ ተራው እስኪደርሰን ክረምት ይገባል፤ ለሕዝቡ ምን ይዘን እንቅረብ?» አሉ። «ደግሞስ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። እስከ መቼ ሌላው እየመጣ ሥራችንን ይወስዳል?» ሰው ሁሉ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። የውሃ ባለሙያው ዓብዱ ብቻ ተቃወመ። ጨፋ ረግረግ ነው፣ ላይ ላዩን ያለው ውሃ ከብት የረገጠውን ሁሉ ይጠጣል፣ ጎርፍ ሲመጣ ይቀላቀላል፣ ጥልቁን ነው መፈለግ ያለብን አለ። ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ ተያዘለት።

እኔ ነኝ መፍቻውን ያመጣሁት። «ዝርዝሩን በእጅ የሚቆፈር፣ በሲሚንቶ ቀለበት የሚገነባ፣ የእጅ ፓምፕ ያለው ብንለው የአካባቢ ተጫራችም ይገባል» አልኩ። ወዲያው ጸደቀ። ጨረታው በአዲሱ ዝርዝር ወጣ። ፖስታው በሕዝብ ፊት ተከፈተ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ጀሚል ሆነ። ከሕግ የጎደለ ነገር የለም፤ መርማሪ ቢመጣ አንድ ስንጥቅ አያገኝም።

ደስ ይበልሽ። እኔ እንቅልፌ ትንሽ ተረብሿል፣ ሌላ ደህና ነኝ።

እናታችን፦ «ኡሙዬ፣ ልጆቼን አስታረቅሽልኝ። አላህ አንቺንም ከወገንሽ ያገናኝሽ፣ ጀነት ያውርስሽ» ብላለች።

ወንድምሽ በድሩ


ጅዳ፣ ጥር 8 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሻዬ ለበድሩ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንኳን አብሮ ለኢድ አደረሰን። ደብዳቤህን ዘይቱና ፊት ነው ያነበብኩት፤ ከከሚሴ አብራኝ የመጣችውን ዘይቱናን ታውቃታለህ፣ ሥራ የምትውለው ከእኔ ቤት አጠገብ ነው። ሁለታችንም እልል አልን፤ ማዳም ደንግጣ ወጣች። ወንድሜ ለአገሩ ውሃ ሊያወጣ ነው ብዬ በእጄም በአፌም አስረዳኋት። እሷም ማሻአላህ አለች።

እንቅልፌ ተረበሸ የምትለውን ተው። ባለሙያ መቼም መፍራት ሥራው ነው። አያቶቻችን ሲቆፍሩ ማን ማሽን ነበረው? ለጀሚል ሲሚንቶ እንዲያበዛበት፣ በርካሽ ብረት እንዳይታለል ብዬ ያጠራቀምኩትን ልኬለታለሁ። ከዚህ ሥራ ትርፍ አልፈልግም ብሎ ጽፎልኛል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከጀሚል አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ውሃው ሲወጣ የመጀመሪያውን ጣሳ ለእናቴ አጠጡልኝ።

እህትህ ኡምኩልሱም


ከሚሴ፣ ግንቦት 20 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

የአላህ ሰላም ይብዛልሽ። አደራሽ ተፈጽሟል።

ምርጫው ሳይደርስ በሚያዝያ መጨረሻ ተመረቀ። በግ ታረደ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ኃላፊያችን ሪባን ቆረጡና ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ንግግሩ በአማርኛም በኦሮምኛም ስለነበር በጉ ቀዘቀዘ። ጀሚል ያንኑ ኮት ለብሶ ከሕዝቡ ጀርባ ቆሞ ነበር። ስመ ጥሩ ሰው እንደሚሆን ማን ጠበቀ? ሥራውን አይቻለሁ፤ ሲሚንቶ አልሰሰተም፣ ቀለበቱ ቀጥ ያለ ነው። ላቡን አፍስሷል፤ ራሱ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ የነበረ ተቋራጭ እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

እናታችንን ደግፈን አቀረብናት። ፓምፑን ጀሚል ገፋ፣ ውሃው መጣ። ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ቢስሚላህ ብላ ጠጣች። ሕዝቡ ጠበቀ። «ይጣፍጣል» አለች። ጀሚል ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

በጋው ስለከበደ ለግጦሽ የወረዱት ከብቶች ብዙ ናቸው። ከጉድጓዱ አጠገብ ካለው መስክ ነው የሚያድሩት፣ የፈሰሰውንም እየጠጡ። አጥር ይሠራ ብዬ ጻፍኩ። በጀት የለም አሉኝ፤ ለመጪው ዓመት ይታያል። ዓብዱ ለምርቃቱ አልመጣም።

እናታችን ይህን በል አለችኝ፦ «ኡሙዬ፣ ወገቤ ከእንስራ አረፈ። እንዳሳረፍሽኝ አላህ ያሳርፍሽ። ዓይንሽን ሳላይ አይግደለኝ።»

ወንድምሽ በድሩ


ጅዳ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለበድሩ ወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህ አጭር ነው፣ የሚሄደው ሰው ተነስቷል።

ኮንትራቴ ከረመዳን በኋላ ያበቃል። ማዳም ቆዪ እያለችኝ ነው፤ አልቆይም ብያታለሁ። እመጣለሁ በድሩ። ለእናቴ ንገራት፣ ብርድ ልብሱን ታውጣው። ጀሚል ለምንድነው የማይጽፍልኝ? ሦስት ደብዳቤ ልኬለታለሁ። ትልቅ ሰው ሆኖ ረሳኝ በለው።

የእናቴን ፎቶ ጉድጓዱ አጠገብ አስነስተህ ላክልኝ። እዚህ ያሉት ሁሉ ሊያዩት ይፈልጋሉ።

ኡምኩልሱም


ከሚሴ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኡምኩልሱም፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ አልሀምዱሊላህ አለን።

ክረምቱ ዘንድሮ ከበድ ያለ ነበር። ቦርከና ሞልቶ ብዙ ማሳ ተኝቷል። ማሽላው ግን ደጋ ደጋውን ደህና ነው። በነሐሴ የሆድ በሽታ ገብቶ ነበር፣ አሁን ጋብ ብሏል። ሰይድ ልጁን ዳረ። ሸህ አብደላ ሰላም ብለውሻል። ጀሚል ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል ያልጻፈልሽ።

ፎቶው አልተነሳም። ካሜራ ያለው ልጅ ወደ ኮምቦልቻ ሄዷል።

የመምጣትሽን ነገር አታስቸኩዪው። ከዘይቱና ጋር አብራችሁ ብትመጡ ይሻላል፤ ብቻሽን አትጓዢ። ዕቃም አትግዢ። ምንም አትላኪ።

አላህ ይጠብቅሽ፣ ሶብር ይስጥሽ።

ወንድምሽ በድሩ


ጅዳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1993 ዓ.ም.

በድሩ፣

ደብዳቤህን አገላብጬ አየሁት። ጀርባውንም አየሁት። ፖስታውንም ቀድጄ ውስጡን አየሁት። የእናቴ ዱዓ የት አለ?

አንተ ስትጽፍልኝ እሷ አንድም ቀን ሳትመርቀኝ አልፋ አታውቅም። ታማ ከሆነ ታመመች በለኝ። እጄን ነክሼ እችለዋለሁ። ለሐዘንተኛ የሚባለውን ሶብር ይስጥሽ ያልከኝ ለምን ጉዳይ ነው? ማሽላው ደህና ነው ትለኛለህ፤ ስለ ማሽላ ማን ጠየቀህ?

ኅዳር 16።

ደብዳቤውን ሳልልከው ዘይቱናና የአገራችን ሰዎች በጠዋት መጡ። ሲገቡ ጫማቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። ማዳም ቀድሞ ተነግሯት ኖሮ ከቤቷ ሳሎን አስቀመጠቻቸው። እኔን በዚያ ሶፋ ላይ ተቀመጪ አለችኝ፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሳብሰው እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም። ያኔ አወቅሁ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፣ ብቻዬን እንዳልሰማው ብለህ ነው። ገብቶኛል። አልተቀየምኩህም።

ከመጡት አንዱ በመስከረም ከከሚሴ የመጣ ነው። ክረምት ላይ ውሃው እንደተበላሸ፣ ልጆች እንደታመሙ፣ ሰዉ ጉድጓዱን ትቶ ከላይኛው ምንጭ መቅዳት እንደጀመረ ነገረኝ። ሁሉም ትተውት ነበር አለኝ። እናቴ ግን ከዚያው ጠጥታ ነው የሞተችው አለ። እንዴት? የሚቀዳላት ሰው ጠፋ? አሮጊት ናት ተብሎ የሚነግራት ጠፋ? አንተ የት ነበርክ? ይህን ብቻ ንገረኝ። እውነቱን። ቢገድለኝም እውነቱን።

ኡምኩልሱም


ከሚሴ፣ ጥር 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

አላህ እናታችንን ይማራት፣ ቀብሯን ያስፋላት፣ ላንቺም ሶብሩን ይስጥሽ። እውነቱን ጠይቀሻል። እጽፍልሻለሁ።

ልጆቹ መታመም ሲጀምሩ ዓብዱ መጥቶ ውሃውን አስመረመረ። ጎርፉ የከብቱን በረት አጥቦ ጉድጓዱ ገብቷል። አትጠጡ፣ ከጠጣችሁም አፍሉት ብሎ ቤት ለቤት ዞረ። እኔን ሲያገኘኝ «ብዬ ነበር» አላለኝም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ሰዉ በአንድ ቀን ወደ ላይኛው ምንጭ ዞረ። ጉድጓዱ አጠገብ ሰው ጠፋ። ጀሚል በሩን ዘግቶ ቤት ዋለ። ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩት ሆዳቸውን ይዘው ይስቁበት ነበር።

እናታችን ጋ የሄድኩት በማግሥቱ ነው። ተነግሯታል። ዓብዱም፣ ጎረቤቷም፣ እኔም ነግረናታል። ጉልበቷን እያሸች ደጅ ተቀምጣ ነበር፤ ጄሪካኗ ውስጥ ያለው ከጉድጓዱ የተቀዳ ነው።

«እማዬ፣ ይህን ድፊው» አልኳት።

«ልጄ የቆፈረውን እናቱ ከደፋችው ማን ይጠጣዋል?»

«ማንም እንዳይጠጣው ነው እኮ የተባለው።»

«በድሩ፣ ሰዉ ያልፋል፣ ይረሳል። እናቱ ሸሸች ከተባለ ግን ጀሚል በዚህ አገር ቀና ብሎ አይሄድም። እኔ ስጠጣ ያዩኝና ይመለሳሉ።»

«እሺ አፍልተሽ ጠጪ።»

«አፍልታ ነው የምትጠጣው ይሉኛል» አለች።

ከምንጩ አስቀድቼ አመጣሁላት። ለጎረቤት ልጆች ሰጠችው። እንደገና አመጣሁ፣ ለሶላት ታጠበችበት፣ ዉዱእ አደረገችበት። ጠዋት ጠዋት በዚያ ጉልበቷ ምርኩዟን ይዛ፣ ሰዉ ወደ ምንጩ በሚያልፍበት ሰዓት ሄዳ ፓምፑን ትገፋ ነበር። እያዩዋት ያልፉ ነበር። ማንም አልተመለሰም።

የታመመች ዕለት ቦርከና ሞልቶ መኪና አላሳለፈም። በቃሬዛ አሻግረን ከሚሴ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ውሃ በደም ሥሯ ሰጧት። ዘግይቷል። መጨረሻ ላይ ያንቺን ስም ጠራች፣ ከዚያ ሸሃዳዋን ሞላች። ጀናዛዋን የሸኘው ሰው ብዛት መንገድ ዘጋ።

ማንም አልወቀሰኝም እቴ። ሸህ አብደላ «አላህ የጻፈው ነው» አሉ። ኃላፊያችን ለቅሶ ደርሰው ትከሻዬን ነኩኝ። አሁን ጥልቁ ጉድጓድ እንዲቆፈር ጨረታው ወጥቷል። ከኮሚቴው ልውጣ ብዬ አመለከትኩ፤ ልምድ አለህ ብለው አስቀሩኝ። አንድ ሰው እንኳ ተነስቶ አንተ ነህ ቢለኝ ምኞቴ ነበር። ያቺን በእጅ የሚቆፈር የምትል ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሷን የገደላት ጎርፍ ብቻ አይደለም። ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ ላንቺ ነገርኩሽ።

ጀሚል ጉድጓዱን በገዛ እጁ ሞላው። ፓምፑን ነቅሎ ለመስሪያ ቤቱ አስረከበ። ከኢድ በኋላ ቤቴ መጣ፤ አልቀመጥም ብሎ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከስቷል፣ አታውቂውም። ጎረቤቶቹ ስለ አሟሟቷ ምን ብለው እንደነገሩት አላውቅም፤ እያዘኑለት ዝም ያሉት ይመስለኛል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እውነቱን» አለኝ። «እናቴ ውሃው መበላሸቱን ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም» አልኩት። «መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ሳልሄድ ቀረሁ።»

ፊቱን አዞረ። ከዚያ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ አያናግረኝም፤ መስጊድም ሲያየኝ ሰፍ ይቀይራል፣ ከሌላ ረድፍ ይሰግዳል። ግን ሥራ ጀምሯል፣ እህልም ይበላል ብላኛለች ሳዲያ።

አንቺም ስትመጪ «እናታችን አታውቅም ነበር» በይው።

ወንድምሽ በድሩ